1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ

1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሣዊ ሥርዓት ከሥሩ የተናጋበት ዓመት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን የወረዱት ግን አዲሱ ዓመት በገባ በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዓመቱ የያዘው ፍጻሜውን ሳይሆን ወደ ፍጻሜው ያደረሰውን መንገድ ነው። ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር በደርግ ታሪክ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚነገር ይህ ልዩነት ሊጤን ይገባዋል።

ዓመቱ ሲጠባ ወሎና ትግራይ በረሃብ ላይ ነበሩ። መንግሥት ሸፋፍኖ ያቆየው እልቂት በጥቅምት ወር እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ገሃድ ወጣ። በዚያው ወር ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን የዲፕሎማሲ ግንኙነት አቋረጠች።

የመጀመሪያው ዐመፅ ከአዲስ አበባ ርቆ ተነሣ። ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የሰፈሩ ወታደሮች በምግብና በውኃ ችግር ተማርረው አለቆቻቸውን ያዙ፤ ጉዳዩን እንዲመለከቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግተው እነሱ የሚበሉትን እንዲበሉ አስገደዷቸው። በየካቲት ወር ዐመፁ ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና አሥመራ ወደነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛመተ።

የካቲት 11 ቀን መምህራንና የታክሲ ነጂዎች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ። ነጂዎቹን ያስነሣው የነዳጅ ዋጋ መናር ሲሆን፣ መምህራኑ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃወሙ፤ ዕቅዱ የድኻውን ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች በላይ እንዳይማር ያግደዋል የሚል ስጋት በወላጆችም ዘንድ ሰፍኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁን ዋጋ ቢቀንሱና ዕቅዱን ቢያዘገዩም ነገሩ አልበረደም። ወሩ ሳይወጣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ተተኩ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ።

ከእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መካከል ከሚገባው በታች የሚታወሰው የሚያዝያ 12ቱ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። በዚያ ቀን ሙስሊሞች፣ ከእነሱም ጋር የቆሙ ክርስቲያኖች፣ የአዲስ አበባን አደባባዮች ሞልተው የሃይማኖት እኩልነትን፣ የመንግሥትንና የሃይማኖትን መለያየት፣ የእስልምና በዓላትንም በብሔራዊ ደረጃ መከበር ጠየቁ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚለው አጠራር ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ያነሡት ጥያቄ፣ የቃል ጉዳይ ቢመስልም፣ የዜግነትን ትርጉም የነካ ነበር። በዓላቱ በ1967 ዓ.ም. ሕዝባዊ በዓላት ሆነዋል።

እነዚህን ወገኖች በአንድነት የሚመራ ፓርቲ አልነበረም፤ ክፍተቱን የሞላውም ጦሩ ነው። ሰኔ 21 ቀን ከየክፍሉ የተውጣጡ ከ100 የሚበልጡ ዝቅተኛ መኮንኖችና ወታደሮች በአራተኛ ክፍለ ጦር ሰፈር ደርግን መሠረቱ። ደርግ «ኢትዮጵያ ትቅደም» በሚል መፈክር ባለሥልጣናትን ማሰሩን ቀጠለ፤ ሐምሌ 15 ቀን ልጅ እንዳልካቸው ተነሥተው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተሾሙ። በነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱ ፈረሰ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ተወርሶ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ተባለ። በወራት ድካም የተዘጋጀው አዲስ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሳይውል ጳጉሜን አለቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ቤተ መንግሥት ነበሩ።