መጀመሪያ ይብላ

ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ከሆነች ወዲህ እራት የምሠራው እኔ ነኝ። ባለሙያ አይደለሁም። ሽንኩርቱን አሳርራለሁ፣ ውሃ እጨምራለሁ፣ ጨው እረሳለሁ፣ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አበዛዋለሁ። በመጨረሻ የሆነ ነገር ይወጣል። ትንሿ ልጄ አንድ ቀን ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየችና «አባዬ፣ በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» አለችኝ። የኤልሳዕን ታሪክ ሰሞኑን ተምራ ኖሯል (2ኛ ነገሥት 4፥40)። ኤልሳዕስ ዱቄት ጨምሮ ሰዎቹን አትርፏቸዋል። እኔ የማውቀው ውሃ መጨመር ብቻ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ጣዕሙ አይደለም። አንድ ማታ ስለ ተናገርኩት ነገር ነው።

ትልቁ ልጄ 17 ዓመቱ ነው። የዚያን ዕለት አመሸ። ስልክ ብደውል አያነሣም። ምግቡ እየቀዘቀዘ ሄደ፣ እኔ ደግሞ እየጋልኩ። በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ገና ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ፣ «ቆይ! መጀመሪያ የት እንደነበርክ ትነግረኛለህ፤ ከዚያ ትበላለህ» አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ይበልጥ አናደደኝ። «በዚህ ቤት የምትበላውን ማን እንደሚሠራው ታውቃለህ? ማን እንደሚገዛውስ?» አልኩ። «አልራበኝም» ብሎ ገብቶ ተኛ። ርቦት ነበር። ፊቱ ላይ ይታያል።

ድስቱን ከድኜ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ጥፋተኝነት አልተሰማኝም። ጥሩ አባት የሆንኩ ነው የመሰለኝ። ልክ ያስገባሁት!

የያዝኩት የጠዋት ንባብ ኦሪት ዘፍጥረት ነበር። በማግስቱ ስከፍተው ምዕራፍ 25 ላይ ደርሻለሁ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያዕቆብ ወጥ ይሠራል። ዔሳው ከሜዳ ደክሞ ይመጣል። «ስጠኝ» ይላል። ያዕቆብም መጀመሪያ ብኵርናህን ሽጥልኝ ይለዋል።

«መጀመሪያ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማታ ከአፌ የወጣችው ቃል ናት።

ይህ ክፍል ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዔሳው ነው። ትክክል ነው። ብኵርናውን እንዳቃለለ ራሱ ዘፍጥረት ይናገራል፤ የዕብራውያን መልእክትም ስለ አንድ መብል በኵርነቱን ሸጠ ብሎ ይወቅሰዋል (12፥16)። ዔሳውን አልከላከልለትም። ግን እስከዚያ ጠዋት ድረስ ያዕቆብን በምግብ ሠሪነቱ አይቼው አላውቅም ነበር። ወንድሙ ነው። በአንድ ማኅፀን የተኙ መንትዮች ናቸው። ድስቱ እሳት ላይ ነው፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ወንድሙ በድካም ተዝለፍልፏል። ይሄ ሰውዬ ግን ውል ያስፈርማል።

በዚያ ቤት ምግብ መሣሪያ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለት ምዕራፍ አለፍ ብላችሁ ብታነቡ ርብቃ ይስሐቅ የሚወድደውን ምግብ ትሠራለች። ጣፋጭ ነው። ለማታለያ ነው የተሠራው ግን። ዓይኑ የፈዘዘ አባት በሚወደው ምግብ ተታለለ። መጨረሻውን ታውቃላችሁ። ወንድም ወንድሙን ሊገድል ዛተ። ያዕቆብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ፤ በላባ ቤትም 20 ዓመት ኖረ። ርብቃ ልጇን ዳግመኛ እንዳየችው መጽሐፉ አይነግረንም። ጠብ ብቻ ሳይሆን ማዕድም ቤት ይበትናል ለካ፤ ዋጋ ከተለጠፈበት።

እኔም ቤት የተለጠፈው ዋጋ አለ። «እያበላሁህ!» እንላለን። «ይሄን ሁሉ ለፍቼ!» እንላለን። ልጅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለባልም፣ ለሚስትም፣ አብሮን ለሚኖር ዘመድም እንለዋለን። አንዳንዴ ቃል እንኳ አያስፈልገንም፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርገን ስናስቀምጠው ሂሳቡ ይሰማል።

አሁን ወደ ሌላ እሳት ልውሰዳችሁ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21።

ሰባት ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ አድረዋል። ምንም አልያዙም። እነዚህም እንደ ዔሳው ከሥራ የመጡ፣ የደከሙ፣ የራባቸው ሰዎች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሟል። የመጀመሪያው ጥያቄው ስለ ምግብ ነው፤ ልጆች፣ የሚበላ አላችሁ? «የለንም» ይላሉ። መረቡን በስተቀኝ ጣሉ ይላቸዋል። 153 ትልልቅ ዓሣ። ጴጥሮስ መታገስ አቅቶት ባሕሩ ውስጥ ይዘላል። ወደ ምድር ሲወጡ ፍም አዩ፤ በላዩ ዓሣ ተቀምጧል፤ እንጀራም አለ።

እሳቱን ማን እንዳቀጣጠለው ወንጌሉ አይናገርም። ግን በዚያ ዳርቻ ከጌታ በቀር የተጠቀሰ ሌላ ሰው የለም። ይሄን ሳስብ ዝም ነው የምለው። ሞትን ድል ነሥቶ ከተነሣ ገና ብዙ ቀን አልሆነውም። ሊሠራው የሚችለውን ታላላቅ ነገር አስቡት። እርሱ ግን ጠዋት በማለዳ ለሰባት የራባቸው ሰዎች ቁርስ ያሰናዳል። መጽሐፋችን «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ይላል፤ የግሪኩ ቃል የጠዋት ምግብንም ይጨምራል፤ ሰዓቱም ጠዋት ነው።

ፍሙን ልብ በሉልኝ። በግሪኩ አዲስ ኪዳን ይህ «ፍም» ተብሎ የተተረጎመው ቃል የሚገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ እዚህ። ሌላው ዮሐንስ 18፥18 ላይ፣ በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ጴጥሮስ ከሎሌዎቹ ጋር ቆሞ የሞቀው እሳት ነው። በዚያ ግቢ፣ በዚያች ሌሊት ነው ጌታውን የካደው። ሦስት ጊዜ። ዮሐንስ ያን ቃል እንደገና ያነሣው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ጴጥሮስ ያ የፍም ሽታ አፍንጫው ሲገባ ምን ትዝ እንዳለው መገመት አያቅትም።

እንግዲህ የሚጠየቅ ሰው ካለ ጴጥሮስ ነው። ያመሸ ልጅ አይደለም፤ ጌታውን የካደ ነው። ጌታም ጥያቄ አለው። ሦስት ጥያቄ። ግን መቼ ነው የጠየቀው? ቁጥር 15ን አንብቡ፤ «ምሳ ከበሉ በኋላ» ይላል።

ከበሉ በኋላ!

ያዕቆብ መጀመሪያ ሽጥልኝ አለ። እኔ መጀመሪያ ንገረኝ አልኩ። ጌታ መጀመሪያ ብሉ አለ።

ኤልያስም የገጠመው ይኸው ነው። ነቢዩ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፣ ሞትን ለምኖ፣ ክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቷል (1ኛ ነገሥት 19)። መልአክ መጥቶ ይነካዋል። «ለምን ሸሸህ? በቀርሜሎስ ያየኸው እሳት ምን ሆነ?» አላለውም። «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። በራሱ አጠገብ እንጎቻና ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ በላ። ከዚያ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው። እግዚአብሔር ለጥያቄው አልቸኮለም። ሁለት ጊዜ አብልቶ፣ አስተኝቶ፣ ነው የጠየቀው።

«ታዲያ ዝም ብለን እናብላ? ልጅ ይበላሽ?» የምትሉኝ አላችሁ። ባለቤቴም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ጥያቄው ይገባኛል። ጌታ ጴጥሮስን አብልቶ አልሸኘውም። ጠይቆታል፣ ያውም ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጴጥሮስ እስኪያዝን ድረስ። የሚነገር ነገር ይነገራል። እኔ የምለው ሳህኑ መያዣ አይሁን ነው።

ደግሞ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለውን ቃል በር ላይ ለቆመ ልጅ የምንወረውር አለን። እኔም ወርውሬው አውቃለሁ። ጳውሎስ ይህን ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ስለሚገቡ አዋቂዎች ነው (2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10-11)። ልጆች በሥራ ይርዱ ከሆነ፣ ከዚያው ከባሕሩ ዳር የተሻለ ምሳሌ አለ። ጌታ ዓሣው ፍም ላይ ሳለ «አሁን ካገኛችሁት ዓሣ አምጡ» ይላቸዋል። የእነርሱ ዓሣ አላስፈለገውም፤ የራሱ በስሏል። ግን ማዕዱ የእነርሱም እንዲሆን ፈለገ። ሽንኩርት ላጡ፣ ሳህን ደርድሩ ማለት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። የሚጋበዙበት ሥራ ይሆናል፣ የሚከፍሉት ዕዳ አይሆንም።

ምግብ የሚሠራውን ሰው ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የማርታን ቃል ታስታውሳላችሁ? እኅቴ ብቻዬን እንዳገለግል ስትተወኝ አይገድህምን አለች። «ብቻዬን»። ድሮ ይህን ክፍል ሳነብ ማርታ ታናድደኝ ነበር። ማድ ቤት ከገባሁ በኋላ ገባኝ። ሌላው ሳሎን ሆኖ ሲስቅ፣ አንተ በጭስ ዓይንህ ሲያለቅስ፣ ያቺ «ብቻዬን» የምትባል ቃል ቀስ ብላ ትመጣለች። የእኔም «ማን እንደሚሠራው ታውቃለህ?» ያው እርሷ ናት፣ ልብስ ቀይራ። ባለቤቴ ከ18 ዓመት በላይ ሠርታ አብልታናለች። ስንቴ እንደበላች ቁጭ ብላ፣ ስንቴ እንደቀዘቀዘባት አልቆጠርኩም። ሠራሁ ብዬ ዋጋ የጠየቅሁት ግን እኔ ነኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ!

ጌታ ማርታን ምግብ መሥራት ተዪ አላላትም። የነካው ጭንቀቷንና መታወኳን ነው። ከፋሲካ በፊት በቢታንያ እራት ሲያደርጉለት «ማርታም ታገለግል ነበር» ይላል ዮሐንስ (12፥2)። አሁንም ማድ ቤት ናት። ሥራው ያው ነው፤ ግን በዚህ ጊዜ ክስ የለም፣ ተግሣጽም የለም።

ከእናንተ መካከል ለብዙ ሰው ሠርታ ራሷ መጨረሻ የምትበላ ካለች፣ ወንዶቹ ይህን አንብቡና ተነሡ። ከዚህ በላይ ማብራራት የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሩትን ደግሞ እወዳታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስትቃርም ውላ፣ ቦዔዝ በምሳ ሰዓት የተጠበሰ እሸት ሰጣት። በላች፣ ጠገበች፣ አስተረፈች። ማታ ቤት ስትገባ የቃረመችውን ገብስ ብቻ አይደለም ያመጣችው፤ ከምሳዋ ያስተረፈችውንም ለአማቷ አውጥታ ሰጠቻት (ሩት 2፥14-18)። እየበላች ቤት የቀረችውን ሰው አስባለች። እኔም ይህን ካነበብኩ ወዲህ፣ ማንም ሳህኑን ሳያነሣ በፊት የባለቤቴን ድርሻ ለይቼ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ስትመጣ የምታገኘው የተረፈ ሳይሆን የተቀመጠ ነው። ልዩነቱን እርሷ ነች የነገረችኝ።

በቤታችን ዙሪያ ለብቻው የሚበላ ሰው ካለ እንይ። የፋሲካው ሕግ እንኳ ቤተ ሰቡ ለጠቦቱ ጥቂት ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር ይካፈል ይላል (ዘፀአት 12፥4)። እግዚአብሔር ከግብፅ ሊያወጣቸው በተነሣበት በዚያች ሌሊት እንኳ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ አስቦበታል።

የልጄን ነገር ልጨርስላችሁ። በማግስቱ ማታ ቀድሞኝ ገብቶ አገኘሁት። ክፍሉ ውስጥ ነው። ሠራሁና ጠራሁት። «ብላ» አልኩት፣ ሌላ ነገር አልጨመርኩም። አጎንብሶ በላ። ሁለተኛ ጊዜ ጨመርኩለት። ሲጨርስ «ትናንት ማታ የተናገርኩህ ልክ አልነበረም። ይቅርታ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሳልጠይቀው የት እንደነበረ ነገረኝ። የነገረኝ ነገር አላስደሰተኝም፤ ረዘም ላለ ሰዓት ተነጋገርን፣ ድምፃችንም ከፍ ያለበት ጊዜ ነበር። ሳህኑ ግን ባዶ ነበር።

ሊነሣ ሲል ድስቱን አየና፣ «አባዬ» አለኝ።

«አቤት»

«ጨው የለውም እኮ።»

ሁለት ሳህን በልቶ ነው ይህን የሚለኝ። ጨዉን አቀበልኩትና የቀረውን ለእኅቱ አስተካከለው።