በፊልም ውስጥ «ንጽረተ ዓለም» ምንድን ነው?

«ፊልሙ ንጹሕ ነው፤ ስድብ የለበትም፣ መጠጥ የለበትም፣ እርቃን የለበትም። ስለዚህ ንጽረተ ዓለሙ ክርስቲያናዊ ነው።» ባለፈው ሳምንት ያነበብኩት አስተያየት ነው፤ ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ጸሐፊው ቅን ሰው ይመስላሉ፣ ልጆቻቸውን ሊጠብቁ ነው። ግን የቆጠሩት ሌላ፣ የደመደሙት ሌላ።

ቃሉን ከርዕዮተ ዓለም ጋር የሚያምታቱም አሉ። ርዕዮተ ዓለም በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ውስጥ የሚሸመደደው ነው፤ ፕሮግራምም መፈክርም አለው። ንጽረተ ዓለም ግን ሰው መከራከር ከመጀመሩ በፊት እውነት ብሎ የተቀበለው ነው። ሰው ምንድን ነው? ክፋት ከየት መጣ? ማን ያድናል? ሞትስ መጨረሻ ነው?

እንጀራ ቀርቦለት «እርሾውን አሳዩኝ» የሚል እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሾው ሊጡ ውስጥ ጠፍቷል፤ የሚታወቀው በእንጀራው ዓይንና በኮምጣጣነቱ ነው። ንጽረተ ዓለምም በፊልም ውስጥ እንዲሁ ነው። አስተያየት ሰጪው ያደረጉት ወጡ ላይ ዝንብ መፈለግ ነው። ዝንብ መፈለግ ነውር የለውም፣ እኔም እፈልጋለሁ፤ እንጀራው በምን እንደቦካ ግን አይነግርም። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን በእርሾ መስሏታል፣ ከፈሪሳውያን እርሾም ተጠንቀቁ ብሏል። እርሾ ደግሞ ካለፈው ሊጥ የተቀመጠ ነው፤ ፊልም ሠሪም ካሳደገው ቤትና ሲያይ ካደገው ፊልም ይዞት ይመጣል። ኤዲቲንግን አብሲት ልበለው? ከዚያው ሊጥ ተቀንሶ፣ እሳት ላይ በስሎ፣ ተመልሶ ሲገባ ሁሉን ያነሣዋል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ መሰንጠቅ ይጀምራል፤ ባለሙያዋ እርሾ መጨመሯን ታውቃለች፣ ዳይሬክተሩ ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ዝንብ ቆጠራው በሆሊውድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1968 ስቱዲዮዎቹ ፊልም ላይ ምን እንዳይታይ የሚዘረዝር የሚገዙበት ደንብ ነበር፤ በ1930 ያረቀቁት አንድ የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህንና አንድ ካቶሊክ አሳታሚ ናቸው። አርቃቂዎቹ ከእኛ አስተያየት ሰጪ ይሻላሉ፤ ከዝርዝሩ በፊት የተመልካቹ ርኅራኄ ወደ ወንጀል እንዳያጋድል የሚል መርሕ አስቀምጠዋል። ይህ ስለ እርሾ መናገር ነው። ስቱዲዮዎቹ ግን ዘዴውን አወቁበት። ወንጀለኛውን ፊልሙን ሙሉ አሳምረውና አስቀንተው መጨረሻ ላይ ይገድሉታል። ደንቡ ተከበረ፤ ተመልካቹ ልቡን ከሟቹ ጋር ትቶ ወጣ። (የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ያሉት ሰዎች ቢያንስ ቤቱን በሙሉ ተጠራጠሩ እንጂ ስድብ ሲቆጥሩ አላመሹም።)

አሁን ደግሞ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሮበርት ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣውን፣ ጀርመኖች ካሰሩት ቦታ ስላመለጠ ሰው የሚተርከውን ፊልም እዩ። አብዛኛው እጅ ነው። ማንኪያ ተስሎ መሮ ይሆናል፤ መሮው የበሩን ሳንቃ ቀስ እያለ ይፍቃል። ተአምር የለም። እስረኛው ሊያመልጥ ሲል አንድ ልጅ እግር ወደ ክፍሉ ያስገቡበታል። ሰላይ ይሆን? ይግደለው ወይስ ይዞት ይሂድ? ይዞት ይሄዳል፤ ኋላም ግንቡ ሥር ሲደርስ ብቻውን ሊወጣው እንደማይችል ይገባዋል። የፊልሙ ሁለተኛ ርዕስ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የተወሰደው «ነፋስ ወደሚወደው ይነፍሳል» ነው። ርዕሱን በእጃችሁ ብትሸፍኑት እንኳ ፊልሙ ስለ ጸጋና ስለ ባልንጀራ የሚያምነውን ያ ግንብ ይናገራል።

ያልተጠየቅኩትን ልጨምር፤ ኤዲተር ነኝና። የምታዩት ሁሉ ታስቦበት አይደለም። ትዕይንት የሚጣለው ፀሐይ ስለጠለቀች፣ ተዋናይ ስለታመመ፣ ገንዘብ ስላለቀ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ እናት ሌሊት ተነሥታ የምትጸልይበትን ትዕይንት ቆርጬ ጣልኩ፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ድምፅ ገብቶበት ነበር። ፊልሙ ሲወጣ አንድ ሰባኪ «እግዚአብሔርን ከዚያ ቤት አስወጡት» አሉ። ሳቅኩባቸው። ክህደት ሳይሆን ጄኔሬተር ነው እያልኩ ለባልደረቦቼ አወራሁት።

ከወራት በኋላ የፊልሙን ፋይሎች ሳደራጅ እናትና ልጅ የሚጣሉበትን ትዕይንት ከፈትኩ። በዚያው ሌሊት የተቀረጸ ነው፤ ያው ጄኔሬተር ሥሩ ያጉረመርማል። እሱን ግን አልጣልኩትም። ሦስት ቀን ሠርቼበት፣ አልስተካከል ሲል ሁለቱንም ተዋንያን ስቱዲዮ ጠርቼ ድምፃቸውን እንደገና ቀድቻለሁ። እናትየዋ ከማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ነበር። ጸሎቱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ በይልኝ ብላት ትለው ነበር።