ዓለም አቀፍ ዳማ፦ ሰው የኮምፒውተር ፕሮግራምን የሚገጥምበት ስልት

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳርቻ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ዳማ የሚጫወቱ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ በካርቶን ወይም በጣውላ ላይ በእጅ የተሰመረ ባለ 64 ካሬ ሲሆን፣ ጠጠሩ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ወገን ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች አድርጎ ይደረደራል። አንድ ወጣት ቆርኪውን ገፋ አድርጎ «ጋሼ፣ ይብሉ» ሲል አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ ወጥመድ መዘርጋቱ ነው፤ ጋሼም የቀረበላቸውን ከመብላታቸው በፊት ቆም ብለው ከበሉ በኋላ የሚመጣውን ይቆጥራሉ። ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው የዚሁ ጨዋታ ዘመድ የሆነውን ባለ 100 ካሬ ዓለም አቀፍ ዳማ፣ በተለይም ሰው በዚህ ሰሌዳ ላይ ኮምፒውተርን ሲገጥም የሚከተለውን ስልት ነው።

ዓለም አቀፍ ዳማ ዐሥር በዐሥር በሆነ ሰሌዳ ላይ በ50ዎቹ ጥቁር ካሬዎች ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በ20 ጠጠሮች ይጀምራል። ተራ ጠጠር የሚራመደው ወደ ፊት ብቻ ቢሆንም ወደ ኋላም ይበላል። መብላት ግዴታ ነው፤ የሚበላበት መንገድ ከአንድ በላይ ከሆነም ብዙ ጠጠር የሚያስገኘውን መምረጥ ግድ ይላል። የነገሠ ጠጠር በሰያፍ መስመሩ ላይ ባዶ ካሬ እስካገኘ ድረስ የፈለገውን ያህል ይሄዳል። የተበሉት ጠጠሮች ከሰሌዳው የሚነሡት የመብላቱ ዝላይ ሙሉ በሙሉ ካበቃ በኋላ በመሆኑ፣ ገና ያልተነሣ ጠጠር የበላተኛውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ ብዙ ልምድ ያለው ሰው እንኳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታውን የሚመራው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ተመሠረተ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አፍሪካ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንግዳ አይደለችም፤ ሴኔጋላዊው ባባ ሲ በ1960ዎቹ ከዓለም ቁንጮ ተጫዋቾች አንዱ ነበር፣ ካረፈ በኋላም የ1963 የዓለም ሻምፒዮንነት ማዕረግ ተሰጥቶታል።

የሰውና የማሽን ፉክክር አስቀድሞ ጎልቶ የታየው በትንሹ፣ ማለትም በባለ 64 ካሬው ሰሌዳ ላይ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ጆናታን ሼፈር ከ1989 ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር «ቺኑክ» የተባለውን ፕሮግራም ገነባ፤ ተጋጣሚውም በአርባ ዓመት ውስጥ ከ10 ያነሰ ጨዋታ የተሸነፈው አሜሪካዊው የሒሳብ መምህር ማሪዮን ቲንስሊ ነበር። ሁለቱ በ1990 ባደረጉት አንድ ጨዋታ፣ ፕሮግራሙ ዐሥረኛውን እርምጃ እንደተራመደ ቲንስሊ ይህ እንደሚያስቆጭ ለሼፈር ነገረው። ፕሮግራሙ ግን ራሱን አልከፋም ብሎ ይገምት ነበር፤ እጁን የሰጠው በ36ኛው እርምጃ ላይ ነው። የሰው ስልት በማሽን ፊት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ቲንስሊ ያን ሁሉ እርምጃ አንድ በአንድ ቆጥሮ አልነበረም፤ የጠጠሮቹ አቀማመጥ ወደ ምን እንደሚያመራ ከዕድሜ ልክ ልምዱ አውቆት ነበር። በ1992 ለንደን ላይ 4 ለ2 አሸነፈ፣ 33ቱ ጨዋታዎች በአቻ አለቁ። በ1994 ስድስት ጨዋታ አቻ ከወጡ በኋላ በሕመም ምክንያት ግጥሚያውን አቋረጠ፤ በማግሥቱ ዓመትም ዐረፈ። በ2007 እነ ሼፈር ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ ቲንስሊና ቺኑክ የተጋጠሙበት ባለ 64 ካሬው ጨዋታ በአቻ እንደሚያልቅ በስሌት አረጋገጡ።

ባለ 100 ካሬው ሰሌዳ ግን እስካሁን እንዲህ ተሰልቶ አላለቀም። በትንሹ ሰሌዳ ላይ ሊፈጠሩ የሚችሉት አቀማመጦች 5 ብለን ከኋላዋ 20 ዜሮ የምንጽፍላት ቁጥር ያህል ሲሆኑ፣ በትልቁ ላይ 1 ተከትሏት 30 ያህል ዜሮ እንደሚሆን ይገመታል።

የጣና ዳር ተጫዋች ማሽን ፊት ሲቀርብ መጀመሪያ ሊተወው የሚገባው በጣም የሚወደውን ነገር ነው፤ ይኸውም ወጥመድን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጠጠር አከታትሎ አስበልቶ በመጨረሻ ጠራርጎ መብላት ለሰው ዓይን እጅግ ያማረ ጨዋታ ነው፤ ዙሪያውን የቆመው ተመልካች የሚጮኸውም ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን መብላት ግዴታ በመሆኑ በእንዲህ ዓይነቱ ቅደም ተከተል ውስጥ ምርጫው ጥቂት ነው፤ በሴኮንድ ሚሊዮን አቀማመጥ የሚመረምር ፕሮግራም ደግሞ ምርጫ የሌለበትን መንገድ እስከ ጫፉ ይከተለዋል። ሰው ድካም ሲሰማው ወይም ሰዓት ሲያጥረው የሚስተውን ማሽኑ አይስተውም። ስለዚህ ሰሌዳው ተከፍቶ ጠጠር በጠጠር እየተለዋወጠ የሚሄድ ጨዋታ ለሰው አደገኛ ነው።

ለሰው የሚበጀው ተቃራኒው፣ ማለትም ጠጠሮች ፊት ለፊት ተፋጥጠው የሚቆሙበት የተዘጋ አቀማመጥ ነው። ጥቂት ጠጠሮች በሰሌዳው አንድ ጎን የተቃራኒውን ብዙ ጠጠሮች አስረው ሲይዙ፣ በቁጥር ሁለቱ ወገኖች እኩል ይመስላሉ፤ እውነቱ ግን የታሰሩት እንደሌሉ ይቆጠራሉ። መሀሉም ተዘግቶ ሲቆይ ጨዋታው የእርምጃ ቁጠባ ይሆናል፦ ነፃ እርምጃው ቀድሞ ያለቀበት ወገን ሳይወድ በግዱ የሚጎዳውን ይራመዳል። ይህ ጉዳት ከብዙ እርምጃ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ፣ የቀድሞ ፕሮግራሞች የምርመራቸው ጥልቀት ስለማይደርስበት እየሣቁ ወደ እሥር ቤቱ ይገቡ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ግን «ይህ ጎን ታስሯል፣ ሦስት ትርፍ እርምጃ አለኝ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሽቫርትስማን እ.ኤ.አ. በ2012 «ማክሲመስ» ከተባለው የኔዘርላንድስ ፕሮግራም ጋር ባደረገው የስድስት ጨዋታ ግጥሚያ አንዱን አሸንፎ አምስቱን አቻ በመውጣት አሸናፊ ሆኗል።

ሌላው የሰው መሸሸጊያ ከጥግ እስከ ጥግ የሚዘልቀው ዋናው ሰያፍ መስመር ነው። በዓለም አቀፍ ዳማ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይህን ረጅም መስመር ከያዘ ሦስት ነገሥታት ሊያሸንፉት አይችሉም፤ ሕጉም ሦስት ለአንድ ሲሆን ለእያንዳንዱ ወገን 16 እርምጃ ብቻ ፈቅዶ ከዚያ አቻ ይላል። በመሆኑም የተቸገረ ተጫዋች ጠጠሮቹን ሆን ብሎ እያስበላ፣ ሁለት ጠጠር ጎድሎበትም ቢሆን፣ ወደዚህ መስመር በመድረስ ይድን ነበር፤ ጠጠር የሚቆጥር ፕሮግራም ደግሞ ያሸነፈ እየመሰለው ይከተለዋል። ይህ በር ዛሬ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ጥቂት ጠጠሮች የቀሩባቸው አቀማመጦች ውጤት አስቀድሞ ተሰልቶ በመዝገብ ስለተቀመጠ ፕሮግራሙ ሳያስብ ያነበዋል። እንደ «ስካን» ያሉት ፕሮግራሞችም የጠጠሮችን አቀማመጥ ዋጋ ከእጅግ ብዙ ጨዋታ ራሳቸው ስለተማሩ፣ የታሰረ ጎንን እንደ ቀድሞው በቸልታ አያልፉትም። ዛሬ ጠንካራ ተጫዋች በረጅም ሰዓት በጥንቃቄ ከተጫወተ በምክንያት ተስፋ የሚያደርገው አቻን ነው፤ በእኔ ግምት ይህ አቻ ደካማ ሰው ላይ ከተገኘ ድል ይበልጣል።

ባለ 64 ካሬውን ለለመደ ሰው ሰሌዳውን ማሳደግ ብዙ ወጪ የለውም፤ በካርቶኑ ላይ በቁመትም በወርድም ሁለት ሁለት መስመር ጨምሮ 40 ቆርኪ ማሰባሰብ ይበቃል። ሰሌዳው ሲቀመጥ ከእያንዳንዱ ተጫዋች በስተግራ ያለው የቅርብ ጥግ ጥቁር መሆን አለበት፤ ከዚያ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ማዶው ጥግ የሚዘልቀው መስመር ብቸኛውን ንጉሥ የሚያድነው ያው ዋናው መስመር ነው።