የሰፈር ባር ላይቭ ሙዚቃ በደሴና በኮምቦልቻ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ደሴ ላይ ባር በር ላይ ቆሞ «ላይቭ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነገር እየጠየቀ አይደለም። ከፍላሽ የሚለቀቅ ዘፈን ነው ወይስ በአፉ የሚዘፍን ሰው አለ፣ ነገሩ ይኸው ነው። «አለ» ከተባለ ቀጣዩ ጥያቄ «ማሲንቆ ነው ኪቦርድ?» ይሆናል። በመልሱ የሚገባም፣ ወደ ቤቱ የሚመለስም አለ። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ወሎ፣ በተለይ በደሴና በኮምቦልቻ ስላለው የሰፈር ባር የሙዚቃ ምሽት ነው።

ባሩ

የሰፈር ባር ሲባል ትልቅ ሆቴል ማለት አይደለም። መንገድ ዳር ያለ፣ በረንዳ ያለው፣ አሥራ ምናምን ጠረጴዛ የሚይዝ ቤት ነው። ቀን ማኪያቶና ፍርፍር ይሸጣል፣ ማታ ድራፍትና ጂን። መድረክ የሚባለው ብዙ ጊዜ በጥግ በኩል ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ጣውላ ነው። እሱም የሌለው ቤት ሁለት ጠረጴዛ ገፋ አድርጎ ቦታ ይፈጥራል።

በቅርብ ዓመታት ሜኑው ላይ «ኮክቴል» የሚል ቃል ገብቷል። ከዚያ በፊት ድብልቅ መጠጥ ማለት ቱርቦ ነበር፤ ቢራ፣ ነጭ ወይንና ስፕራይት በአንድ ጆግ። እውነቱን ለመናገር አሁንም የሚያሸንፈው ቱርቦ ነው። ባርማኑ ሎሚ ቆርጦ፣ በረዶ አንኳክቶ፣ ብርጭቆው አፍ ላይ ስኳር ቀብቶ ያቀረበውን አንድ ደንበኛ ቀምሶ «ይሄማ ጁስ ነው» ብሎ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የወሎ ባር አንድ መለያ አለው። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ድራፍት፣ አጠገቡ ባለው ላይ አምቦ ውሃና ማልት ታያለህ። መጠጥ በአፉ የማይዞር ሰው ላይቭ ለመስማት ብቻ ይመጣል፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል። ማንንም አይጠየፍም፣ ሁሉ ይበላበታል ከማለት የመጣ ስም ነው ይባላል። የሰፈር ባሩ የዚያ አዳራሽ የልጅ ልጅ ነው ብል «ወሎዬ ስለሆንክ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

ከየት መጣ

አዝማሪ በመኳንንት ግብር፣ በሠርግና በጠጅ ቤት የሚጫወት ባለሙያ ነው። ላሊበሎች የሚባሉት ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ፣ ሙያውን በዘር የሚወራረሱ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ብዙ አዝማሪዎች በግጥማቸው ሰበብ ተገደሉ ይባላል። ከዚያ በኋላ ቡና ቤቶች መጡ፣ ራዲዮ መጣ።

የአሁኑን የወሎ ምሽት የሠራው ግን የኪነት ዘመን ነው። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ደርግ ኪነት የሚባሉ የሙዚቃና የውዝዋዜ ቡድኖችን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር አደራጀ። የወሎው ቡድን ላሊበላ ኪነት ይባል ነበር። ዓላማው ቅስቀሳ ነበር፣ ያ አይካድም። «አብዮቱ» የሚል መዝሙር ሳይቀድም ትዝታ አይዘፈንም ነበር። ግን በዚያው መድረክ ላይ ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ዋሽንቱና ከበሮው አንድ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት አዝማሪ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነበር፣ ቢበዛ ከሚስቱ ጋር። ኪነት ልምምድ የሚባል ነገር አመጣ። ሰዓት ማክበር መጣ። ወጥ ልብስ፣ ተሰልፎ እስክስታ መውረድ፣ ዘፋኝ ሲዘፍን ሌላው ዝም ማለት፣ ይህ ሁሉ የዚያ ጊዜ ትምህርት ነው።

ከዚህ ቤት ከወጡት መካከል ስሟ የገነነው ማሪቱ ለገሰ ናት። አምባሰል የሚባለውን የወሎ ቅኝት እንደ እሷ የሚጫወት የለም ቢባል ወሎ ውስጥ ተከራካሪ አይገኝም። «የአምባሰል ንግሥት» የሚለውን ስም ሕዝቡ ነው የሰጣት። ዛሬ ደሴ ውስጥ ማይክ የምትይዝ ወጣት ዘፋኝ ሁሉ የምትለካው በሷ ነው። ይህ ለልጆቹ ከባድ ነው። ድምፅዋ ሸጋ የሆነ ልጅ አምባሰል ስትጀምር ከኋላ ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ «እስቲ እናያለን» ሲል ይሰማል።

ኪነት መድረኩን ቢሰጥም ሌሊቱን የወሰደው ያው መንግሥት ነው። ሰዓት እላፊ ነበረ። ባር ከመሸ ክፍት አይሆንም፤ ውስጥ የቀረ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቆያል። በዕድሜ የገፉ የደሴ ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ፈገግ ይላሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የተዘፈነው ኪነት ፊት ከተዘፈነው ይበልጥ ነበር ባይ ናቸው። ሙዚቃው በቀን ደግሞ በካሴት ይዞር ነበር፤ አንድ ካሴት ተገልብጦ ተገልብጦ ድምፁ እስኪቀልጥ።

ከ1983 በኋላ ሰዓት እላፊው ቀረ፣ አዝማሪ ቤቶች ተከፈቱ፣ ኪቦርድ መጣ። ኮምቦልቻ ላይ የቢራ ፋብሪካው ሲቋቋም ባሮቹ አቅራቢያቸው ድራፍት አገኙ። በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ደመወዝ የሚጠብቅ ወጣት በዛ። የኮምቦልቻ ላይቭ ከደሴው ይልቅ የወጣት የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ምሽት ቤቶችን ዘጋ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ብዙ ንግድ ቤት ተዘረፈ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሰዓት ገደብ ተመልሶ መጣ። ላይቩም ቀደም ብሎ መጀመር ለመደ።

ቅኝቶቹ

የኢትዮጵያ ሙዚቃ ትምህርት የሚጀምረው በአራት ቅኝት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ ከቆላው አፋርን፣ ከደጋው አማራን፣ ከዙሪያው ኦሮሞን የምታገናኝ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ውጫሌን የያዘው ወረዳ ነው። ውጫሌን ዓለም የሚያውቃት በ1881ዱ ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ ነው። ባር ውስጥ ግን አምባሰል ሲባል አንቀጽ የሚያስብ የለም።

ባቲና አምባሰል የወሎ ናቸው፣ ክርክር የለውም። ትዝታም ከወሎ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፤ ጎንደርና ሸዋ የሚሉትን ይበሉ። አንቺ ሆዬን በተመለከተ የተለያየ አስተያየት አለ።

ልዩነታቸው ለጆሮ ግልጽ ነው። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ረጋ ብሎ ይወጣል። ባቲ ሬን ጭራሽ አይነካም፣ ከዶ ተነስቶ ይዘላል። አምባሰል ከዶ ግማሽ ድምፅ ብቻ ፈቀቅ ይልና ወዲያው ፋ ላይ ይወጣል። ሆድ የሚያባባው እዚያች ግማሽ ላይ ነው። አንቺ ሆዬ ከሁሉም ጠማማዋ ናት፣ ጀማሪ ዘፋኝ የሚወድቀው በሷ ነው።

ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የምሽቱን አካሄድ ይወስናል። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው ያለው። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሲቀየር ቅኝቱ ይቀየራል፣ ማቆም አያስፈልግም። ክራር ግን ክሮቹ ባዶአቸውን ስለሚመቱ ቅኝት ለመቀየር እንደገና መቃኘት አለበት። ስለዚህ ክራር ያለበት ቤት ትዝታን ከትዝታ ጋር፣ አምባሰልን ከአምባሰል ጋር ደርድሮ ይጫወታል። ከሁለቱ መካከል አንድ አምስት ደቂቃ ዝምታ አለ። አስተናጋጆች ትዕዛዝ የሚቀበሉት ያኔ ነው። ኪቦርድ ይህ ችግር የለበትም፣ ሁሉም ድምፅ ተዘርግቶለታል። ግን ያችን አምስት ደቂቃ ገደላት። አንድ የባር ባለቤት «ኪቦርድ ከመጣ ወዲህ ሽያጭ ቀንሷል» ሲለኝ ቀልዱን ነው ብዬ ነበር። አልነበረም።

የመንዙማው ነገርም መነሳት አለበት። ወሎ የመንዙማ ሀገር ነው። በየሼኾቹ ቤት የሚሰማው ዜማና ባር ውስጥ የሚሰማው ዜማ በዓላማ ሰማይና ምድር ናቸው። ለጆሮ ግን የአንድ አፈር ልጆች ናቸው። ዘፋኙ ሰኞ የሰማውን ዜማ ቅዳሜ በሌላ ግጥም ሲያወጣው የሚያኮርፉ ሰዎች አሉ፣ ትክክልም ናቸው።

ምሽቱ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጦሳ ተራራ ላይዋ ላይ ተደፍቷል። ማታ ማታ ጉም ይወርዳል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳ በጣም ሞቃለች። ሁለቱም ጋ የሚሠራ ማሲንቆ ተጫዋች ይህን በቆዳው ያውቃል፣ በማሲንቆው ቆዳ ማለቴ ነው። ጉም ሲገባ የፍየሉ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ጓዳ ገብቶ ማሲንቆውን ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርጎ ያሞቀዋል። እንደ ሕፃን ያገላብጠዋል። ከዚያ የደጋኑን ጭራ በሙጫ ያሸዋል፣ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠግቶ አንዴ ይስባል። አስተናጋጆቹ ያን ድምፅ ሲሰሙ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ።

መጀመሪያ የሚመጣው እንግዳ ከበርጫ፣ ማለትም ጫት ከሚቃምበት ተነስቶ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለማብረድ የወጣ ነው። ዓይኑ የነቃ፣ ወሬው የበዛ። ዘፋኙ ለነዚህ ፈጣን ነገር አይሰጥም፤ በትዝታ ያበርዳቸዋል። ሞቅ የሚለው «ተቀበል!» የሚል ሰው ሲነሳ ነው።

«ተቀበል» የዚህ ምሽት አከርካሪ ነው። ደንበኛው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። ገጣሚው ተከፋይ አይደለም፣ ከፋይ ነው። አንድ ማታ ጃኬቱን እስከ አገጩ የዘጋ ሹፌር ተነስቶ እንዲህ አለ፦

ጦሳ ጉም ለብሶ ደሴ በረዳት፣
ኮምቦልቻ ያለሽ ሙቀት ላኪላት።

አዝማሪው ሁለት ጊዜ አዜመው። ሦስተኛው ላይ «ኮምቦልቻ ያለሽ» ሲል ዞር ብሎ ሹፌሩ ጎን የተቀመጠችውን ሴት አየ። ሴትዮዋ የደሴ ልጅ ናት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ራሱን ለማዳን ሌላ ግጥም ፈለገ፣ አጣ፣ ቢራ ጋበዘ። ይህን ዲጄ አይሠራውም።

ገንዘቡ

ዘፋኙ ከቤቱ የሚያገኘው መነሻ ክፍያ ትንሽ ነው፣ ኑሮው ሽልማት ነው። ብር በግንባር ላይ መለጠፍ የቆየ ልማድ ነው፣ አሁንም አለ። ኖት አልያዝኩም የሚል ደግሞ በቴሌብር ይልካል። ኪቦርዱ ላይ የዘፋኙ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተለጥፎ አይቻለሁ። ችግሩ በቴሌብር የተላከውን ቤቱ አያየውም። ሽልማቱ ለዘፋኝ፣ ለተጫዋችና ለተወዛዋዥ ሲከፋፈል ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ግንባር ላይ የተለጠፈን ብር ሁሉ ሰው ይቆጥረዋል። ስልክ ውስጥ የገባውን ማን ያውቃል?

ቀድሞ የቢራ ድርጅቶች ባነርና ጃንጥላ ያለብሱት የነበረው ምሽት በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ካጠበበ ወዲህ ቀዝቀዝ ብሏል። ዕድሜው 21 ላልሞላ አልኮል መሸጥ የተከለከለውም በዚሁ አዋጅ ነው።

የሚዘጋበትና የሚከፈትበት

ወሎ ሁለት ጾም ያከብራል። በዐቢይ ጾም ብዙ ቤት ላይቭ ያቆማል፣ በረመዳንም እንዲሁ። ሁለቱ ባልገጠሙበት ዓመት ዘፋኙ የዓመቱን ሩብ ገደማ ሥራ ይፈታ ነበር። በ2016 ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። ባለባሮች «ፈጣሪ አዘነልን» አሉ። ዘፋኞቹ አንዴ ብቻ ሥራ ፈቱ።

በእነዚህ ወራት ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ባሩ ማኪያቶና ሻይ ይሸጣል። ማታ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ቴሌቪዥን ያያል። ከዚያ ዒድ ይመጣል፣ ፋሲካም ይመጣል። ማሲንቆው ይወርዳል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ከከሰሉ ራቅ ብሎ ይሞቃል። ሁለት ወር የተሰቀለ ቆዳ ቶሎ አይመለስም። የመጀመሪያው ማታ ድምፁ ጎርነን እንዳለ ነው፣ ሰው ግን ለዚያ ግድ የለውም። ገና ተጫዋቹ ጭራውን እያሸ ከኋላ ጠረጴዛ «አምባሰል!» ይላል አንዱ።