ኮርማን በዘር ዋጋ ግምት መምረጥ፦ የፎገራ ከብት ጉዳይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ወረታ አካባቢ ያለው ረግረጋማ ሜዳ የፎገራ ከብት አገር ነው። ፎገራ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ቡሬ ነው፤ ቀንዱ አጭር ነው። ረግረጉንና ዝንቡን ይችላል። ያርሳል፣ ይታለባል፣ ደልቦም ይታረዳል።

ገበሬው ኮርማ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ቁመናውን፣ ደረቱን፣ የእናቱን ወተት ያያል። ይህ ዓይን የሚናቅ አይደለም። ግን ዘርና ቀለብን መለየት አይችልም። ሳር ጠግቦ ያደገና በበጋ የተጎዳ ጥጃ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ፣ በዘሩ የቱ እንደሚሻል አይታይም።

የዘር ዋጋ ግምት የሚባለው፣ ከብቱ በዘሩ ለልጆቹ የሚያወርሰውን ብልጫ የሚገምተው ስሌት የመጣው ለዚህ ነው። ጥጃው የሚወዳደረው በአንድ ወቅት ተወልደው፣ በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት መኖ ከበሉ እኩዮቹ ጋር ብቻ ነው። አንድ ወይፈን ጡት ሲጥል ከእኩዮቹ አማካይ በ20 ኪሎ በለጠ እንበል። የዚህ ክብደት በዘር የመተላለፍ መጠን 0.3 ቢሆን፣ ማለትም ከልዩነቱ ሠላሳ በመቶው ከዘር የመጣ ቢሆን፣ የዘር ብልጫው 6 ኪሎ ይገመታል። ጥጃ ከአባቱ የሚወስደው የዘሩን ግማሽ ስለሆነ፣ ልጆቹ በአማካይ 3 ኪሎ ያተርፋሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየትውልዱ ይደመራል።

በተግባር ስሌቱ የወላጆችን፣ የወንድም እህቶችንና የልጆችን ሚዛን አንድ ላይ ያስገባል። መሠረቱን የጣለው አሜሪካዊው የእንስሳት ዘር ተመራማሪ ቻርለስ ሄንደርሰን ነው። ከግምቱ ጎን ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የአስተማማኝነት ቁጥር ይጻፋል፤ ብዙ ልጆች ሲመዘኑ ከፍ ይላል። የአንድ ግምት ቁጥር ብቻ ማሳደድም አደጋ አለው። ለክብደት ብቻ ከተመረጠ ጥጃው ሲወለድም ይገዝፋል፣ ላሚቱም በምጥ ትቸገራለች።

በጢስ ዓባይ መንገድ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራ መንጋ ይዞ ክብደት ይመዘግባል። መንደር ውስጥ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከብቱ በወል ግጦሽ ስለሚደባለቅ የጥጃው አባት አይታወቅም። ሚዛንም የለም። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ ፈጥኖ ያደገው ወይፈን ቀድሞ ይሸጣል፣ ወይም ተኮላሽቶ ለእርሻ ይውላል። ላሞቹን የሚያስረግዘው ያልተፈለገው ነው። በጎ ዘር በገዛ እጃችን እየወጣ ነው ማለት ነው። የሩዝ እርሻ ግጦሹን ሲያጠብና ፎገራው ከሌላ ዘር ጋር ሲደባለቅ፣ ጉዳቱ ይብሳል።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የሚያስፈልገው የጆሮ ቁጥር፣ ደብተርና የደረት ዙሪያ መለኪያ ሜትር ነው። በሜትሩ ክብደት በግምት ይገኛል። ጎረቤታሞች ተስማምተው ጥሩውን ወይፈን ሳይኮላሽ ቢያስቀሩ፣ ሌሎቹን ደግሞ ቀድመው ቢያኮላሹ፣ የጥጆቹ አባት ይታወቃል። ኮርማው የገዛ ሴት ልጆቹን እንዳያስረግዝ፣ ጊደሮቹ ሳይደርሱ ወደ ሌላ መንደር ይዛወራል።