ጨውና ዓሣ በሐዋሳ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆ ጎረቤቶቹ

ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ የሚመጣው ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የገባው ውሃ ግን በገጸ ምድር ሲወጣ አይታይም። በዚህ ፀሐይ ውሃው እየተነነ ጨው ሊጠራቀምበት ይገባ ነበር። ነገር ግን በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ግራም ጨው እንኳ አይሞላም። ምክንያቱ ውሃው ጨውን ይዞ በከርሰ ምድር መስረጉ እንደሆነ ይታመናል። በሐይቁ ዳር ባለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አባ ኮዳዎች ከበው የሚጠብቋቸው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ የተባሉት ዓሦች ህልውናቸው ለዚህ ስውር መውጫ ባለውለታ ነው።

ጨው ዓሣን የሚፈትነው በሰውነቱ ውስጥ ነው። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ውሃ ሳይፈልግ ወደ ገላው ይገባበታል፤ ስለዚህ ቀጭን ሽንት በብዛት ያስወጣል፣ ያጣውን ጨው ደግሞ በስንጥቡ ከውሃው ይለቅማል። የባሕር ዓሣ በተቃራኒው ውሃ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። ሁለቱንም የሚችሉ ዝርያዎች ጥቂት ናቸው።

በሞቃት አገሮች ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ የዓሣው አሰፋፈር የሚለዋወጠውም በዚህ የተነሳ ነው። ክረምት የወንዙ ጎርፍ ጨዋማውን ውሃ ወደ ባሕር ይገፋል፣ የወንዝ ዓሣም አብሮ ይወርዳል፤ በበጋ ባሕሩ ሽቅብ ሲገባ የባሕር ዓሣ ይከተለዋል። የሴኔጋሉ ሳሉም ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ዝናብ በማነሱ ሽቅብ በተሄደ ቁጥር ጨው ይበዛል፣ የዓሣ ዝርያም ይመናመናል። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ የወንዝ አፍ የለም፤ አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የጨው ልዩነትን ማየት የሚፈልግ ከሐዋሳ ወደ ሰሜን ቢጓዝ ይበቃዋል።

ዝዋይ ሐይቅ ጨው አልባ ነው ማለት ይቻላል፣ ላንጋኖ በመጠኑ ጨምሯል፤ ሻላ ግን በሊትር 20 ግራም ገደማ ይይዛል። የባሕር ውሃ 35 ግራም መያዙን ለሚያውቅ ይህ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ቆሮሶም ቀስ በቀስ ከተላመደ በሊትር እስከ 15 ግራም ገደማ ይቋቋማል። የሻላ ፈተና ግን ከመጠኑ ይልቅ በጨው ዓይነቱ ላይ ነው። ውሃው እንደ ባሕር የገበታ ጨው ሳይሆን በዋናነት የሶዳ ጨው ያለበት ሲሆን ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ወደ 10 ይጠጋል፤ ማለትም እጅግ አልካላይ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ዓሣ አሞኒያ የተባለውን የሰውነቱን መርዛማ ቆሻሻ በስንጥቡ ማስወጣት ይቸግረዋል፣ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። በኬንያ ማጋዲ ሐይቅ የሚኖር አንድ ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ አሞኒያውን መርዛማነቱ አነስተኛ ወደሆነው ዩሪያ ለውጦ በማስወጣት ከዚህ አምልጧል። ይህ ግን የብዙ ሺህ ዓመታት መላመድ ውጤት እንጂ ማንኛውም ቆሮሶ የሚሞክረው አይደለም።

የሻላ ጎረቤት በሆነው በአቢጃታ ሐይቅ የነበረው ዓሣ ግን ለመላመድ ጊዜ አላገኘም። በሻላ ደሴቶች የሚፈለፈሉ ፔሊካኖች ዓሣ የሚያድኑት እዚያ ነበር። ውሃው ሸሽቶ ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው ጠፋ፤ ፔሊካኖቹም ሌላ ሐይቅ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በዳርቻው የተቋቋመው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሐይቁ ውሃ በመሳቡ በተደጋጋሚ ይወቀሳል፤ በእኔ ግምት ግን እኩል መታየት ያለበት ላይኛው ተፋሰስ ነው። መቂና ከታር ወንዞች ዝዋይን ይሞላሉ፣ ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ አቢጃታ ይገባል፤ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ በጨመረ ቁጥር ቡልቡላ ይቀንሳል።