የነፍስ አባትና የንስሐ ልጆቹ በደሴና በኮምቦልቻ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን የመጠበቅ ኃላፊነት ከጳጳሱ ጀምሮ በየማዕረጉ የሚወርድ ቢሆንም፣ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ክርስቲያን በዕለት ኑሮው የሚያገኘው እረኛ የነፍስ አባቱ ነው። የነፍስ አባት የቅስና ማዕረግ ያለው መሆን አለበት፤ ዲያቆን አያናዝዝም። ቤተሰቡ ወዶ ይይዘዋል፤ ከተያዘ በኋላ ግን ዝምድናው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል፣ ለልጆችም ይተርፋል።

የአገልግሎቱ እምብርት ምሥጢረ ንስሐ ነው። ካህኑ ኑዛዜ ይሰማል፣ የሰማውን ለማንም አይገልጥም፣ እንደ ተነሳሒው አቅምም በጾም፣ በስግደት ወይም በምጽዋት ቀኖና ይሰጣል። እዚህ ላይ ከባዱ ነገር አቅምን ማወቅ ነው፤ አራስን፣ ሕመምተኛንና የቀን ሠራተኛን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ካህን ቁስል አክማለሁ ብሎ ያመረቅዛልና። ይህን ዕውቀት ደግሞ መጽሐፍ ብቻውን አይሰጥም። ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ባካሄዱበት ስፍራ፣ መምህር አካለ ወልድ በቦሩ ሥላሴ ያስተማሩበት የሊቃውንት ጉባኤ ቤት ለወሎ ትልቅ ክብር ነው፤ የንስሐ ልጅን ጓዳ ማወቅ ግን የሚገኘው ደጅ ለደጅ በመዞር ነው።

ስለዚህም የነፍስ አባት በየቤቱ እየገባ መስቀል ያሳልማል፣ ጠበል ይረጫል፣ የተኳረፉ ባልና ሚስትን ያስታርቃል፣ የዝክሩን ጠላና ዳቦ ይባርካል። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እንድትነሣ ያሳስባል፤ ለታመመ ይጸልያል፣ ለሞተ ፍትሐት ያደርሳል። በወሎ በአንድ ዘር ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም መገኘቱ የተለመደ በመሆኑ፣ ለቅሶ የደረሰ ቄስ ከሼሁ ጎን ተቀምጦ አንዱን ቤተሰብ አብረው ሲያጽናኑ ማየት እንግዳ አይደለም፤ በእኔ እይታ ከአካባቢው እረኝነት መልኮች ይህን የሚያህል ውብ የለም።

ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ ብዙዎች ተበትነዋል፤ በዚያ ወቅት የንስሐ ልጆችን የት እንዳሉ እየጠየቁ ማግኘት ራሱ አገልግሎት ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ያለው ፈተና ከዚህ ይለያል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የሚመጣው ወጣት ሠራተኛ፣ የነፍስ አባቱን በትውልድ ቀበሌው ትቶ በኪራይ ቤት ይኖራል፤ በፈረቃ ስለሚሠራም የአጥቢያው ካህናት ቤቱ አያገኙትም። ካህኑ የሠራተኛውን የዕረፍት ሰዓት ጠይቆ መሄድ ይገባዋል፤ ወጣቱም በአቅራቢያው ሌላ የነፍስ አባት መያዝ ሲፈልግ ቀድሞ የነበሩትን አስፈቅዶ ቢሆን ደግ ነው። ስልክ ለምክር ይረዳል፤ በመስቀል ባርኮ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ለማለት ግን ካህኑና የንስሐ ልጁ ፊት ለፊት መገናኘት አለባቸው።